እስርና ጥቅል ስታነሳ ማሰሪያውን ፈልግ

ጥያቄ፦ «ፎቶ የምንወድ ጓደኛሞች በየወሩ አንድ ርዕስ መርጠን እናነሳለን። የዚህ ወር ርዕስ “እስርና ጥቅል” ነው። የታሰረ፣ የተጠቀለለ፣ የተሸፋፈነ ነገር ሁሉ ይሆናል ተብሏል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት፣ የበዓል ዋዜማ የቄጠማ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በጋቢ የተጠቀለሉ አንድ አባት አነሳሁ። እንጨቱ ዝም ብሎ መስመር መሰለብኝ። ጋቢው ነጭ ነገር ብቻ ሆኖ ፊታቸው ጠቆረ። ያለኝ ካኖን ከ18–55 ሌንሱ ጋርና ስልኬ ነው። ሦስቱንም ፎቶ ልኬልሃለሁ። ምን ላስተካክል?»

መልስ፦

ፎቶዎችህን ደጋግሜ አየኋቸው። ካሜራህ ለዚህ ርዕስ ከበቂ በላይ ነው። ሌንስ መቀየር አያስፈልግህም። የእንጨቱና የጋቢው ፎቶ ላይ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የታሰረውን አንስተህ ማሰሪያውን ትተኸዋል።

ጥቅልን ጥቅል የሚያደርገው የያዘው ነገር ነው። ገመድ ሊሆን ይችላል፣ ልጥ ሊሆን ይችላል፣ ጠፍር፣ ቋጠሮ ወይም አገጭ ስር ጋቢ የጨበጠ እጅ። ያ መያዣ ፍሬምህ ውስጥ ካልገባ ተመልካቹ የሚያየው ክምር ነው። ከገባ ግን ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ ከዚያ ተነስቶ ክብደቱን፣ ጥብቀቱን፣ ሙቀቱን ራሱ ይገምታል። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከእንጨቱ እንጀምር። እናትየዋን ከፊት ለፊት፣ ከሩቅ፣ በ18 አንስተሃቸዋል። በ18 ሁሉም ነገር ይገባል። አስፋልቱ፣ የመብራት ምሰሶው፣ የቆመው ሚኒባስ፣ ከበላዩ ሰማይ። እሳቸው መሀል ላይ ትንሽዬ ሆነው ሸክማቸው ቡናማ መስመር ሆኗል። ሌንሱን 55 ላይ አድርገው። የካኖንህ ሴንሰር አነስ ያለው ዓይነት ስለሆነ 55ቱ በፊልም ካሜራ ልኬት ወደ 88 ሚሊሜትር ይጠጋል። ይህ ለሰው ፎቶ የሚመች ርቀት ነው። ሰው ፊት ሳትደነቀር ትቀርባለህ።

ከዚያ ደረታቸውን ተመልከት። የባሕር ዛፍ ሸክም ብዙ ጊዜ ወገብና ጀርባ ላይ በአግድም ይተኛል። ገመዱ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ይገናኛል፤ አንድ እጅ ደግሞ እዚያው ገመዱ ላይ ነው። ገመዱ ሹራቡን ጨምቆ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ጣቶቹ ታጥፈው አውራ ጣት ከገመዱ ስር ገብቷል፤ ገመዱ አንገት እንዳይሸረክት ፈንጠር አድርጎ ለመያዝ ነው። ክብደቱ የሚታየው እዚህች መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ነው። ከኋላ ሆነህ ስታነሳ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። የሚታየው ሁለት እግር ያወጣ የቅጠል ክምር ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ፎቶ ይወደዋል፤ እኔ አልወደውም። ሴትየዋን ከፎቶው ያስወጣታል።

ስለ ብርሃኑም አስብ። እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ነው ማለት ነው። አንተ ወደ ላይ እያየህ ስትጠብቅ ጠዋት ፀሐይ ከቀኝህ ትመጣለች፤ ለሸካራ ነገር እንደ ጎን ብርሃን የሚሆነው የለም። እያንዳንዱ ጭራሮ የራሱን ጥላ ይጥላል፣ የገመዱ ክር ሳይቀር ይለያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኑ ትንሽ ከኋላህ፣ በቀኝ ትከሻህ በኩል ይሆናል። ያኔ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ መንገዱ ግራ ወይም ቀኝ እየሄድክ ጥላው የሚያምርበትን ቦታ ፈልግ። ሻተርህን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከ1/250 ሰከንድ በታች አታዘግየው። ቁልቁለት ላይ ሰው ፈጠን ስለሚል 1/500 ይሻላል። አፐርቸሩ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ማለት ነው፣ 55 ላይ 5.6 ነው፣ ይበቃሃል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርገህ ጣሪያውን 1600 ላይ ገድበው።

አሁን ከቴክኒኩ በላይ የማምንበትን ልንገርህ። ሸክም ያለበትን ሰው ለፎቶ ብለህ አታስቁም። ሸክም እየሄዱ ሲሆን ይቀላል፤ ቆመው ሲይዙት ይከብዳል። ፎከስ እስክታስተካክል በቆሙበት እያንዳንዱ ሰከንድ ለእሳቸው ሥቃይ ነው። ይልቅ የሚያርፉበትን ቦታ እወቅ። በየዳገቱና በየቁልቁለቱ ሸክም የሚደገፍበት ግንብ፣ ድንጋይ ወይም የመንገድ ዳር ከፍታ አለ። እዚያ ቁጭ በል። ሸክሙ ግንቡ ላይ ሲያርፍ ገመዱ ይላላል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ፊት ይፈታል። ያኔ «እንደምን አደሩ እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» በል። «አይ ልጄ» ካሉህ አመስግነህ ካሜራህን ዝቅ አድርግ። ከፈቀዱልህ ደግሞ ጊዜ አለህ። እሳቸውም አልተጎዱ፤ አንተም አልተጣደፍክ።

ከዕረፍት ቦታው የምታገኘው ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ሸክም ብቻውን ከመሬት አይነሳም። «እስቲ አሸክመኝ» ይባላል። አንዱ ከስር ይገፋል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ትከሻው ላይ ያስተካክላል፣ ከዚያ አብረው «እህ» ብለው ያነሱታል። ሁለት ፊት በጣም ተቀራርቦ፣ አራት እጅ አንድ ገመድ ላይ። ለእኔ የዚህ ርዕስ ምርጡ ፎቶ ያለው እዚህ ነው። ቆይታው አጭር ስለሆነ ካሜራህ ቀድሞ ዝግጁ ይሁን፤ በተከታታይ የሚያነሳውን አማራጭ ክፈትና ከመጎንበስ እስከ ቀና ማለት ድረስ ያዝ። አሸክመኝ የተባልከው አንተ ከሆንክ ግን ካሜራውን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ አሸክም። ፎቶው ለሌላ ቀን ይቆይ።

እንጨት ብቻ አይደለም። ርዕሱ ለእኛ አገር ልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። የቡሄና የደመራ ሰሞን በየመንገዱ ዳር ችቦ ይደረደራል። ለምን የሚጨሰውን ሌሊት ብቻ እንደምናነሳ አይገባኝም። ቀን ላይ ገና ሳይቀጣጠል እየው። ቀጫጭን ደረቅ እንጨቶች በሁለት ሦስት ቦታ በልጥ ተጠፍረው ቆመዋል። ልጡ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱን ይነክሰዋል። እዚያች ንክሻ ላይ ቀርበህ አንሳ። ስልክህ ለዚህ ከካኖኑ ይሻላል፤ የቅርብ ነገር ጥሩ አድርጎ ይይዛል። መስከረም 16 ማታ ደመራው ሲለኮስ ደግሞ ዋይት ባላንስህን (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶ አውጥተህ የፀሐዩ ምልክት ላይ አድርገው። አውቶ የእሳቱን ብርቱካን ቀለም «ስህተት ነው» ብሎ ያነጣዋል። የፍንጣሪዎቹን መስመር ከፈለግህ ሻተሩን ወደ 1/30 አውርድና ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አስደግፍ። ሰው ከፈለግህ 1/250፣ አይኤስኦው ሦስት ሺህ ቤት ቢገባም አትፍራ።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ከከተማ መውጣት ከቻልክ ነዶ አለልህ። ነዶ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ በራሱ አገዳ ነው። አጫጁ አንድ እፍኝ መዝዞ፣ ጠምዝዞ፣ በዚያው ያስረዋል። ሂደቱን በሦስት ፎቶ ንገረው፦ ሲሰበሰብ፣ ሲጠመዘዝ፣ ሲወረወር። የአገዳው ወርቃማ ቀለም ከሰዓት በኋላ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያምረው፤ ፀሐይዋን ከነዶው ጀርባ አድርጋት፣ ጫፍ ጫፉ ያበራልሃል።

መርካቶም አለ። ምናለሽ ተራ አካባቢ ባዶ ጀሪካኖች በጀሪካን ላይ ታስረው የሰው ቁመት ሲያጥፉ ታያለህ። ከታች የሚታየው የተሸካሚው እግር ብቻ ነው። እዚያ ካኖኑን ከቦርሳ ሳታወጣ በስልክ ብትሰራ ይሻልሃል። አንደኛ ለንብረትህ፣ ሁለተኛ ደግሞ መንገድ ስለምትዘጋ። ጫኝና አውራጅ ሥራ ላይ ነው፤ «ዞር በል» ሲልህ ዞር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋቢው። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው፤ ያስቸገረህም ይኸው ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ስለዚህ እንደ ነጠላ አይፈስም። እጥፋቱ ወፍራም ነው፣ በእጥፋቶቹ መካከል የሚገባው ጥላም ጥልቅ ነው። ለፎቶ ይህ ሀብት ነው፤ ብርሃኑን ካገኘኸው። የአንተ ፎቶ ላይ የአባባ ጥላ እግራቸው ስር ተሰብስቧል። ሰዓቱ ወደ 6 ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች። በሌላውም ወር ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ ያለች ናት። ጋቢ ራስ ላይ ሲጣል ደግሞ ፊት ላይ ጣሪያ ይሰራል። ጨርቁ ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፣ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ለካሜራ ይከብደዋል። በማስተካከያ አፕ ፊቱን ብታነሳውም የተቃጠለው ነጭ ክሩን አይመልስም።

መፍትሔው ጥላ ነው። ግን ማንኛውም ጥላ አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ክፍት ሰማይ ያለበት ጥላ። የቤተ ክርስቲያን ግንብ ጥግ፣ የደጀ ሰላም ጣሪያ ስር፣ የትልቅ ዋርካ ጠርዝ። ሰውየው ወደ ክፍቱ በኩል ፊታቸውን ካዞሩ ለስላሳ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ ጋቢው ራሱ ያግዝሃል። ነጭ ጨርቅ ስለሆነ ብርሃኑን ተቀብሎ ከታች ወደ አገጭና ወደ ዓይን ስር ይመልሰዋል። ስቱዲዮ ያለው ሰው አንጸባራቂ ሰሌዳ ገዝቶ የሚሰራውን አባባ ለብሰውት ተቀምጠዋል።

ጥላ ውስጥ ከገባህ በኋላ ካሜራውን እንዳለ አትመነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ወስዶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙን ጋቢ ከሞላው «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልመዋል። ጋቢው የአመድ ቀለም ይይዛል፣ የጠይም ፊት ደግሞ ዝርዝሩን ያጣል። ኤክስፖዠሩን፣ የፎቶውን ብርሃን መጠን ማለቴ ነው፣ ከ+2/3 እስከ +1 ከፍ አድርግ። ካነሳህ በኋላ የተቃጠለውን ነጭ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን አማራጭ ክፈት። የጋቢው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢያብለጨልጭ ግድ የለም፤ ደረት ላይ ያለው ሰፊ ክፍል ካብለጨለጨ በሲሶ በሲሶ ቀንስ። በሮው፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ አንሳ፤ ለነጭ ጨርቅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በስልክ ከሆነ ፊቱ ላይ ነክተህ ጣትህን አቆየው፣ ብርሃኑ ይቆለፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እየሳብክ አስተካክል።

ጥላ ውስጥ ነጭ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ዋይት ባላንሱን የጥላው ምልክት ላይ ብታደርገው ይሞቃል። የንጋት ብርድ ለማሳየት ከፈለግህ ግን ያን ሰማያዊ ሙሉ በሙሉ አታጥፋው። ደብረ ብርሃንን የመሰለ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት አገር ጠዋት ላይ ብታነሳ ሰማያዊው የብርዱ ምስክር ነው። ጋቢ የለበሰው፣ ቡልኮ የደረበው፣ ከመንዝ በኩል የመጣው የበግ ጠጉር ባና የተከናነበው ሰው ሁሉ ያኔ መንገድ ላይ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ ነው ያለህ። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በፊት ቦታህ ላይ ሁን።

እና ማሰሪያውን ፈልግ ያልኩህ እዚህም ይሠራል። የተጠቀለለ ሰው አንድ ቦታ ላይ ጨርቁን ይዞታል። አንዳንዱ በጥርሱ ሁሉ ይነክሰዋል፣ እጁ ለመቁጠሪያ ወይም ለመቋሚያ ነጻ እንዲሆን። አንዳንዷ ከአፍንጫ በታች ሸፍና ከውስጥ ትይዘዋለች፤ ከውጭ የሚታየው በጨርቁ ስር ያበጠ የጣት አንጓ ነው። ፎከስህ ዓይን ላይ ይሁን፤ እጁ ግን ከፍሬም እንዳይወጣ። የአባባ ፎቶ ላይ ከደረት በላይ ስለቆረጥከው እጃቸው ወጥቷል፤ ስለዚህ ጋቢው የሰቀሉት እንጂ የለበሱት አይመስልም።

ከማንሳትህ በፊት ጥለቱንም እይ። ነጠላው ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገትና ፊት አካባቢ ከሆነ ያ ሰው ሐዘን ላይ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ለመጠየቅም ቀኑ አይደለም።

ስለ ተሸፋፈነ ሰው ስናወራ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ጥቅምት 1977 ላይ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አስነሣ። በንጋት ብርድ፣ በብርድ ልብስና በቡትቶ የተጠቀለሉ የረሃብ ተጎጂዎች። ያ ምስል ብዙ ሕይወት አድኗል። ግን ለረጅም ዘመን ውጭ ያለ ሰው ኢትዮጵያዊን ተጠቅልሎ ባየ ቁጥር ኮረምን እንዲያይ አድርጎታል። ውጭ ያደጉ የኛ ልጆችም ይህን በትምህርት ቤት ቀምሰውታል። ስለዚህ ጋቢ የለበሱ አባት ስታነሳ ቁመትህን ከእሳቸው ዓይን ትይዩ አድርግ። ከላይ ወደ ታች አታንሳ። ቀለሙን አታጥፋ፤ ጥቁርና ነጭ ስታደርገው ሳታስበው ወደዚያ ይጎትተዋል። ጋቢ ምቾት ነው፣ ክብር ነው፣ ቅዳሴ ነው፣ የጠዋት ቡና ነው። ያ እንዲታይ በዙሪያው ያለውን ትንሽ አስገባ፦ ዘንጉን፣ ጫማውን፣ ከጎን የተቀመጠውን ጓደኛ።

ሕፃናትም የዚህ ርዕስ ናቸው። አንቀልባ የያዘች እናት ካገኘህ ዛጎሉን ብቻ አታሳድ። ጠፍሩ ከትከሻዋ ወርዶ ደረቷ ላይ የሚቋጠርበትንና የልጁን ጉንጭ ጀርባዋ ላይ የተጫነበትን ባንድ ፍሬም ለመያዝ ሞክር። ከጎን ትንሽ ከኋላ ሆነህ ነው የሚገኘው። በጥምቀት ደግሞ ታቦት ተጠቅልሎ በካህኑ ራስ ላይ ይወጣል። ከሩቅ፣ ጃንጥላውንና መጎናጸፊያውን፣ የካህኑን እጅ አንሳ። ውስጡን ለማየት የሚጋፋ ፎቶ አንሺ ከሕዝቡ ጋር ይጋጫል፤ መጋጨትም ይገባዋል። የተሸፈነው እንዲሸፈን ነው።

ስለ ስልክህ አንዲት ማስጠንቀቂያ። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት አማራጭ ለዚህ ርዕስ ዝጋው። ስልኩ የነገሩን ጠርዝ በግምት ነው የሚቆርጠው። የጭራሮ ጫፍ፣ የጋቢ ቁጢት፣ የቄጠማ ቅጠል ሲያጋጥመው ይሳሳትና ግማሹን ያደበዝዛል። ጥቅልን የሚያሳምረው ያ የተዝረከረከ ጠርዝ ነው።

ለልምምድ ከቤት መውጣት አያስፈልግህም። አንድ እስር ቄጠማ ወይም የሎሚ ሣር ግዛ። በአንድ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ሌላውን መብራት አጥፋ። መጀመሪያ ታስሮ አንሳው። ከዚያ ማሰሪያውን ግማሽ ፈታው፣ አንሳ። ከዚያ ሙሉ ፈተህ በትነህ አንሳ። መስኮቱ ከጎን ሲሆን፣ ከኋላ ሲሆን፣ ከፊት ሲሆን እየቀያየርክ ድገመው። ግማሽ የተፈታው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ይበልጣል፤ አሁንም እንደያዘ ነው፣ ግን መልቀቅ ጀምሯል። ይህን አንዴ ካየህ ገበያ ላይ ዓይንህ ራሱ ይፈልገዋል።

በመጨረሻ ለጓደኞችህ የትኛውን ላቅርብ ካልክ፣ ከሦስቱ ቄጠማው ይሻላል። እንዳለ ግን አይሆንም። የግራውን ሲሶ ቁረጠው፤ ሰማያዊው ሸራና የሰውየው ግማሽ ጀርባ ምንም አይጨምርም። የቀረው ላይ ሻጯ በቄጠማው እርጥብ አገዳ እስሩን ስትጠመጥም ይታያል፣ ጣቷ ላይም ጭቃ አለ። ጥላውን በትንሹ አንሳው፣ አረንጓዴውን ግን አታጋግለው፤ ስልክህ ራሱ አጋግሎታል፣ ትንሽ ቀንስለት። አባባን ደግሞ ያው ደጃፍ ላይ ሌላ እሑድ ጠዋት ታገኛቸዋለህ። ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ግንቡ ገና ጥላ ሲጥል፣ በ55፣ በ+2/3፣ እጃቸው ፍሬም ውስጥ። የአሁኑን ፎቶ በአንድ ፎቶ ቤት አሳጥበህ ይዘህላቸው ሂድ፤ ሁለተኛውን ለማንሳት ጥሩ ሰላምታ ይሆንልሃል።